64 ሰው «እመጣለሁ» ብሎ 29 መጣ፤ ጥፋቱ የሰዉ ነው የሶፍትዌሩ?

የካዛንቺሱ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የሰፈር ልጆች ማህበር አለን፤ ካዛንቺስ አብረን ያደግን ነን። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ከተነሳ በኋላ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ አንዱ ገላን፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ አራብሳ፣ የቀረው ዋሽንግተንና ዱባይ። ድሮ አንድ ነገር ሲኖር ሱቅ ደጃፍ ቆመህ ለሦስት ሰው ከነገርክ በቃ፣ እስከ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። አሁን ሱቁም የለም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት የአባላት ዝርዝሩን፣ መዋጮውንም ስብሰባውንም አንድ ላይ የሚይዝ የቡድን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ጀመርን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገና ስላልገባኝ ስሙን አልጠራም። እኔ ጸሐፊ የሆንኩት «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ» ተብዬ ነው። የምችለው ኤክሴል ነው።

ጥር 17 እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ስታዲየም አካባቢ አዳራሽ ተከራይተን ጠቅላላ ጉባኤና ምሳ አዘጋጀን። ጥሪው በሶፍትዌሩ በኩል ለ142 አባላት በኢሜይል ሄደ። ሦስት ቁልፍ አለው፦ እመጣለሁ፣ ምናልባት፣ አልመጣም። በዋዜማው ስቆጥር 64 እመጣለሁ፣ 31 ምናልባት፣ 5 አልመጣም፣ 42 ዝም። በዚህ ሒሳብ ለ80 ሰው ቡፌ አዘዝን።

የመጣው 49 ሰው ነው። ይሄ እንኳን ይሁን፤ እኔን ያዞረኝ ሌላ ነው። መዝገቡን ከኮምፒውተሩ ጋር ሳመሳክር ከ49ኙ ውስጥ «እመጣለሁ» ያሉት 29 ብቻ ናቸው። 3ቱ «ምናልባት» ያሉ። 17ቱ ጭራሽ ያልመለሱ! ያልመለሰው መጥቶ የመለሰው የሚቀርበት ምን ዓይነት ነገር ነው? በዚያ ላይ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ስድስት ሰዎች ደውለው «አዳራሹ ዝግ ነው፣ የት ናችሁ?» አሉኝ። ሰዓት ረስተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

የተረፈውን ምግብ አስተናጋጆቹና ጥበቃዎቹ ተካፈሉት፣ ያ ደስ ይላል። ገንዘብ ያዣችን ግን እስከ ዛሬ ሰላምታዋ ቀዝቅዟል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ አለመሙላቱ ነው። መተዳደሪያ ደንቡን ለማጽደቅ ግማሽ ሲደመር አንድ፣ ማለትም 72 ሰው ያስፈልገናል። ስለዚህ የካቲት 8 እሁድ ድጋሚ ልጠራ ነው። ሰዉ ጥሪ ላይ በትክክል እንዲመልስ እንዴት ነው የምታደርጉት? ወይስ ይሄ ነገር ለእኛ አገር አይሆንም?

ዝም ብሎ አላፊ፦

ወንድሜ፣ እዚህ አገር «እመጣለሁ» ማለት «ስለጠራኸኝ አመሰግናለሁ» ማለት ነው። «ምናልባት» ማለት «አልመጣም» ነው። «አልመጣም» ያለህ ሰው ካለ ደግሞ ተጣልታችኋል፣ ሽማግሌ ላክ። ሶፍትዌሩ ምን አደረገ?

ኮድና ቡና፦

ከላይ ያለው ወንድማችን አስቆኛል፤ ግን ቢያንስ ግማሹ ጥፋት የሶፍትዌሩ፣ ወይም የአጠቃቀሙ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ ቢሮ ውስጥ የምሠራው እንደዚህ ዓይነት ነገር ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ።

ብዙዎቹ የካሌንደርና የስብሰባ መጥሪያ ፕሮግራሞች ከስር የሚነጋገሩበት አይካሌንደር የሚባል የጋራ ስምምነት አለ። አሁን የሚሠራበት ሰነድ በፈረንጆቹ 2009 የወጣ ነው። እዚያ ላይ የተጋባዥ ሁኔታ ሦስት ብቻ አይደለም። ገና ሲጠራ «መልስ ይጠበቅበታል» ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ተቀበለ፣ አልተቀበለም ወይም ለጊዜው ተቀበለ ይሆናል። አምስተኛም አለው፣ «ወኪል ላከ» የሚል፤ እሱን ግን ብዙ ሶፍትዌሮች ለተጠቃሚው አያሳዩትም። አንተ «ዝም» ያልካቸው 42ቱ እንግዲህ መልስ ይጠበቅባቸዋል ከሚለው ያልወጡ ናቸው። ሰውየው አይቶ ዝም ቢል፣ ጥሪው ስፓም ውስጥ ቢገባ፣ ኢሜይሉን ሁለት ዓመት ከፍቶት ባያውቅ፣ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚታይህ።

ሁለተኛ ነገር። በኢሜይሉ ውስጥ ያሉት ቁልፎች እያንዳንዳቸው ሊንክ ናቸው፣ ሊንኩ ደግሞ የየሰዉ የግሉ ነው። ሰው ፓስወርድ ሳያስገባ እንዲመልስ ተብሎ ማንነቱ ሊንኩ ውስጥ ተቀብሮ ይሄዳል። ሊንኩን የነካ ሁሉ ለሶፍትዌሩ ያው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ያንን ኢሜይል ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፈው ሰው አለ?

ሦስተኛ፣ መሥሪያ ቤት ኢሜይል የተመዘገቡ አባላት ካሉህ እነሱንም ለብቻ እያቸው። አንዳንድ ድርጅቶች የሚገባ ኢሜይልን የሚፈትሽ የደህንነት ማጣሪያ አላቸው፣ ማጣሪያው ሊንኮቹን አደገኛ መሆን አለመሆናቸውን ለማየት ራሱ ይከፍታቸዋል። ሶፍትዌሩ ሊንክ ሲከፈት ብቻ «እመጣለሁ» ብሎ የሚመዘግብ ከሆነ ሰውየው ኢሜይሉን ሳያየው መልሷል ማለት ነው። በደንብ የተሠራ ከሆነ ሊንኩ ገጽ ይከፍትና «መልሴን ላክ» የሚል ሌላ ቁልፍ ያስጫናል። ያንተ የትኛው ነው?

የካዛንቺሱ ጸሐፊ፦

ኧረ በስመ አብ።

ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ከራሴ ኢሜይል ኮፒ አድርጌ። «ኢሜይል የማታዩ እዚህ ጋ ተጭናችሁ መልሱ» ብዬ ፒን ሁሉ አድርጌዋለሁ።

አሁን ገብቼ የራሴን ስም አየሁት። መልሱ «አልመጣም» ይላል። ስብሰባውን የጠራሁት እኔ! ታሪኩን ስከፍተው ከ38 ጊዜ በላይ ተቀያይሯል፤ እመጣለሁ፣ እመጣለሁ፣ ምናልባት፣ እመጣለሁ፣ አልመጣም… ሰዉ ሁሉ በእኔ ስም ሲመልስ ከርሟል። የመጨረሻው ሰው ቀሪ አድርጎኝ ሄደ።

ሁለተኛውን ቁልፍ ስላልከው፣ የእኛው ሊንኩ እንደተነካ ነው የሚመዘግበው። «መልስዎ ተመዝግቧል፣ እናመሰግናለን» ይልና አበቃ።

ኮድና ቡና፦

😂 በቃ 17ቱ ተገኙ። ዝም አላሉም፣ ባንተ ስም መልሰዋል።

ለሚቀጥለው ከቻልክ ከኢሜይሉ ሳይሆን ከዝግጅቱ ገጽ ላይ «የጋራ ሊንክ» የሚለውን ፈልግ። እሱ የሚከፍተውን ሰው መጀመሪያ ስሙን ይጠይቀዋል። ከሌለው በቴሌግራም ቀኑንና ቦታውን ብቻ ለጥፍ፣ መልስ አትቀበልበት።

ቄራ ማዶ፦

ለምን ቴሌግራም ላይ ፖል አትጥሉም ግን? ሁሉም ሰው እዚያው ነው ያለው። ኢሜይል ማን ያያል።

ሰኞ ማታ ንባብ፦

ቄራ ማዶ፣ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በፖል ሞክሬዋለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ 30 ወንበር ያለው ክፍል ውስጥ ሰኞ ሰኞ የንባብ ምሽት አለን። የቴሌግራም ፖል ሲከፈት ስም እንዳያሳይ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ያንን ካላጠፋሽው 27 ሰው እመጣለሁ ብሎ እነማን እንደሆኑ አታውቂም። ስም እንዲያሳይ ካደረግሽው በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፦ ሰው የሚያየው ማን እንደተጫነ ነው። ሦስት ሰው «አልመጣም» ካለ አራተኛው ይቀለዋል። ማንም ካላለ ማንም አይጀምርም። ለጨዋታ ጥሩ ነው፣ ምሳ ለማዘዝ አይሆንም።

ጸሐፊው፣ እኔን የሠራልኝን ልንገርህ። ቦታ 30 ብቻ ነው ብዬ ጣሪያ አደረግሁበት፣ ሲሞላ የሚቀጥለው ሰው ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው «አልመጣም» ሲል ሶፍትዌሩ ራሱ ከተጠባባቂው አንዱን አንስቶ ያስገባና መልእክት ይልክለታል። ጥሪው ላይም «መምጣት ካልቻላችሁ ንገሩን፣ ወንበራችሁን የሚጠብቅ ሰው አለ» ብለን ጻፍንበት። ያቺ አንድ መስመር ናት ሁሉን ነገር የቀየረችው። ሰው ድሮ «አልመጣም» ለማለት ያፍር ነበር፣ አሁን ለሌላ ሰው ቦታ እንደለቀቀ ነው የሚቆጥረው፤ እንዲያውም «ለማን ደረሰው?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ለጠቅላላ ጉባኤ ጣሪያ ማድረግ እንደማትችል አውቃለሁ። ለምሳው ግን ትችላለህ።

«ምናልባት» የሚለውን ቁልፍ ደግሞ አጥፋው። ምንም አይነግርህም።

የድሮ እድር ጸሐፊ፦

ልጄ፣ ጽሑፍህን የልጅ ልጄ አሳየችኝና ደስ ብሎኝ አነበብኩት። እኔ እዚሁ መሀል ከተማ የአንድ እድር ጸሐፊ ሆኜ 19 ዓመት አገልግያለሁ። የምጽፈው በስልክ ስለሆነ ፊደል ብስት ይቅርታ።

በእኛ ጊዜ ጡሩምባ ነፊው ገና ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል፣ ያልፋል። «ትመጣለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም። ሰው ሊመልስ የሚገባው በአፉ ሳይሆን በእግሩ ነበር። እዚያ ደርሶ ስም ሲጠራ «አቤት» ይላል፣ ያላለ ቀሪ ተብሎ ይጻፋል፣ ይቀጣል። ቅጣቱ ገንዘቡ አልነበረም፣ የገንዘቡ እኮ ትንሽ ነው፤ በወሩ ስብሰባ ላይ ስሙ ከቀሪዎች ጋር ሲነበብ ነበር ሰው የሚሸማቀቀው። ያ ልጅ ኮምፒውተሩ «ወኪል ላከ» የሚል ያውቃል ሲል ገረመኝ። እድር ያንን ድሮም ያውቀው ነበር። የታመመ ወይም ሥራ ያለበት ልጁን ይልካል፣ ሚስቱን ይልካል፣ ተገኝቷል ተብሎ ይያዝለታል። አንተስ ደንብህ ላይ ወኪል አለህ?

አሁን ልቆጣህ ነው። በጥር፣ ያውም በእሁድ፣ ከምሳ ጋር ስብሰባ ጠርተህ ሰው ቀረብኝ ትላለህ? ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ የሰርግ ጊዜ አይደለም እንዴ! ጥር 17 እኔ ራሴ ሁለት ሰርግ ነበረብኝ። ሰዉ «እመጣለሁ» ሲልህ ዋሽቶ አይደለም፤ መጀመሪያ ያንተ ጥሪ ደረሰው፣ ከዚያ የሰርግ ካርድ መጣ፣ ካርዱ ላይ ደግሞ «ከነቤተሰብዎ» ይላል። ተመልሶ ኮምፒውተር ከፍቶ መልሱን የሚቀይርልህ ማን ነው? የካቲት 8 ያልከውም አይሆንም፣ የቅበላ እሁድ ነው። በማግስቱ ጾም ይገባል። ያን ቀን ሰው ከቤተሰቡ ጋር ሥጋውን ትቶ ደንብ ሊያጸድቅ ይመጣል? ከዚያ ወዲያ ደግሞ ዐቢይ ጾምም ረመዳንም ተከታትለው ነው የሚገቡት። የካቲት 1 አድርገው። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምርና 5 ሰዓት ላይ ጨርስ። ሰርግ ያለበትም ለምሳ ይደርሳል። አንተም ምሳ አታበላም፣ ቡናና ዳቦ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሶፍትዌር «አልመጣም» ለሚል ሰው ምክንያት መጻፊያ ቦታ አለው? ሰው ባዶውን «አልመጣም» ብሎ መላክ ይከብደዋል፣ ፊት መንሳት ይመስላል። «የእህቴን ልጅ እድራለሁ፣ ይቅርታ» ብሎ ሲጽፍ ግን ይቀለዋል። ለእኔ በቃል ሲነግሩኝ ማንም «አልመጣም» ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ምክንያቱን ይነግረኛል፣ አልመጣምን እኔ እጨርስለታለሁ።

የካዛንቺሱ ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ቅበላን እንዴት እንደረሳሁት እኔም አላውቅም፤ ፈረንጅ ካሌንደር ላይ ፌብሩዋሪ 15 ብሎ ነው ያሳየኝ፣ ምንም አልመሰለኝም። ወኪል ደንቡ ላይ የለንም፣ ገና አልጸደቀማ! ግን ረቂቁ ውስጥ «በጽሑፍ ወኪል መላክ ይቻላል» የሚል አለ፣ አሮጌው ደንብም አይከለክልም። ሊቀመንበሩን አነጋግራለሁ።

ምክንያት መጻፊያ አለው፣ ተደብቆ ነው። «አስተያየት ጨምር» የምትል ትንሽ መስመር ከስር አለች፣ እስከ ዛሬ ሁለት ሰው ብቻ ነው የጻፈባት።

ከዋሽንግተን፦

እኔ የዚሁ ማህበር አባል ነኝ፣ ጽሑፉን ሳየው «ይሄ የእኛ ጸሐፊ ነው» ብዬ ሳቅኩ። ወንድሜ፣ ከ64ቱ አንዱ እኔ ነኝ። «እመጣለሁ» ያልኩት በአካል አይደለም፣ በቪዲዮ እገባለሁ ብዬ ነው። እዚህ ያለነው ሁላችንም እንደዛ ነው የመለስነው፣ ቢያንስ አሥር እንሆናለን። ለእኛም ቡፌ አዘህልን ነበር ማለት ነው? እግዜር ይስጥልን።

ደግሞ ሌላ ነገር። ጥሪው ካሌንደሬ ውስጥ የገባው በእኛ ጠዋት 8:00 ተብሎ ነው። በክረምት ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ነው ወደ ኋላ የምንቀረው፣ ስለዚህ እናንተ ጋ 16:00 ነው፣ በሐበሻ ከሰዓት 10 ሰዓት። ቡናዬን አፍልቼ በሰዓቱ ገባሁ፣ ማንም የለም። እኔም ቅር ብሎኝ ነበር እኮ።

ኮድና ቡና፦

ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ አዳራሹ በር ላይ የቆሙት ስድስቱ ሰዎች ይኸውልህ።

ጸሐፊው ሰዓት ሲሞላ «4:00» ጽፎ ከጎኑ ፒኤም መርጧል፣ ወይም ሶፍትዌሩ ራሱ መርጦለታል። ርዕሱ ላይ «በ4 ሰዓት» ብሎ በሐበሻ ጽፏል። ርዕሱን ያነበበ ጠዋት መጣ፣ ካሌንደሩን ያመነ ከሰዓት መጣ። እኔ ቢሮ ውስጥ ይሄን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ሶፍትዌሩ ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ እኛ ከንጋት ነው የምንጀምረው፣ ልዩነቱ ሁልጊዜ 6 ሰዓት ነው። ሳጥኑ ውስጥ የምትሞላው የፈረንጁን ነው፦ ለጠዋት 3 ሰዓት 9:00 ኤኤም። ማብራሪያው ላይ ደግሞ ሁለቱንም ጻፍ፣ «እሁድ የካቲት 1 (ፌብሩዋሪ 8) ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለህ። የሰዓት ክልሉም አዲስ አበባ መሆኑን አረጋግጥ፤ አካውንቱን ስትከፍት ሌላ አገር ተመርጦ ከቀረ እንደገና ትቀልጣለህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አሮጌውን ጥሪ ቀኑን ብቻ ቀይረህ ድጋሚ እንዳትጠቀምበት። አይካሌንደር ቀንና ሰዓት ሲቀየር እንደ አዲስ ዙር ነው የሚቆጥረው፣ ተጋባዡ እንደገና መመለስ አለበት። ሶፍትዌሮች ግን ሁሉም ይሄን አይጠብቁም፣ አንዳንዱ የድሮውን «እመጣለሁ» ይዞ ይቀጥላል። ለጥር 17 እሺ ያለ ሰው ለየካቲት 1ም እሺ እንዳለ ተቆጥሮ ታገኘዋለህ። አዲስ ዝግጅት ክፈት።

ሰኞ ማታ፣ «ምናልባት»ን አጥፋው ባልሽው ላይ ግን አልስማማም። ቁልፉን ብታጠፊው ሰውየው ምናልባትነቱ አይጠፋም፣ ሄዶ «እመጣለሁ» ውስጥ ነው የሚደበቅብሽ። ቢያንስ አሁን የት እንዳለ ታውቂያለሽ።

ሰኞ ማታ ንባብ፦

ኮድና ቡና፣ 31 ሰው «የት እንዳለ ማወቅ» ምሳ ሲታዘዝ ምን ይጠቅማል? ግማሹን ልቁጠር? ሩቡን? እኔ የማውቀው «ምናልባት» የተጫነ ሰው የመለሰ ስለሚመስለው ሁለተኛ ተመልሶ እንደማይገባ ነው። ማስታወሻ እንኳን ሲሄድለት «እኔ መልሻለሁ» ይላል።

እሺ ላስታርቅ፦ ተወው ግን ቀነ ገደብ አድርግበት። እስከ ሐሙስ ማታ ምናልባት ማለት ይቻላል። አርብ ጠዋት «ምናልባት» ላሉት ብቻ ሌላ መልእክት ይሂድላቸው፣ «ዛሬ ዳቦ እናዛለን፣ አዎ ወይስ አይ?» የሚል። ለሁሉም ሰው ማስታወሻ አትላክ፤ የመለሰ ሰው ደጋግመህ ስትልክለት ግሩፑን ድምፁን ያጠፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ዋናው ጥሪም አይሰማውም። ከስንት ሰው ጋር እንደሚመጡም ጠይቅ። ልጅ ይዘው የሚመጡ አሉ፣ እኔ ጋ አንድ ቀን 26 ብዬ 33 ሆነው መጥተዋል፣ ወንበር ከጎረቤት ካፌ ተዋስን።

ኮድና ቡና፦

በዚህ ተስማምቻለሁ። በአካል ወይስ በቪዲዮ የሚለውንም ለያቸው፣ ዋሽንግተኖቹ ዳቦ እንዳይታዘዝላቸው።

ዝም ብሎ አላፊ፦

ለዋሽንግተኖቹ ዳቦ ይታዘዝ፣ እኔ እመጣላቸዋለሁ።

የካዛንቺሱ ጸሐፊ፦

የካቲት 3 ነው። ቃል በገባሁት መሠረት ውጤቱን ይዤ መጣሁ።

አዲስ ዝግጅት ከፈትኩ፣ የካቲት 1፣ 9:00 ኤኤም፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፍኩ። የምላሽ አማራጮቹን ስም መቀየር እንደሚቻል ያወቅኩት ደግሞ አሁን ነው፣ ስለዚህ «አልመጣም» የሚለውን «አልችልም፣ ምክንያቴን ልጻፍ» አደረግሁት፤ ሲጫኑት መጻፊያው ራሱ ይከፈታል። ጋሼ ያሉትን ነው የሠራሁት። «ወኪል እልካለሁ» የሚል አማራጭ ሶፍትዌሩ ስለሌለው እዚያው መጻፊያ ላይ የወኪሉን ስም እንዲጽፉ አደረግን። ቴሌግራም ላይ ቀንና ቦታ ብቻ ለጠፍኩ። የራሴን ኢሜይል ሊንክ ማንም እንዳያገኘው ሰርዤዋለሁ፣ ከእንግዲህ አልታመንም።

ከ142ቱ 70 እመጣለሁ አሉ፣ 8 ምናልባት ላይ ቀሩ፣ 23 አሁንም ዝም። «አልችልም» ያሉት 41 ናቸው። ባለፈው 5፣ ከአምስቱም አንዱ እኔ ነበርኩ! ምክንያቶቹን ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው፣ ቀኑን ሙሉ ነው ያዝናኑኝ። 19ኙ ሰርግ ነው። አንዱ «ሰርጉ የራሴ ነው፣ ካርዱ አልደረሰህም እንዴ?» ብሏል፣ እውነትም ስልኬ ላይ ፎቶው አለ፣ አላየሁትም። አንዲት እህታችን ደግሞ ከአራብሳ እሁድ ጠዋት ታክሲ ሰልፉን ዘርዝራ አንድ ገጽ ጽፋለች። ይሄንን ለሊቀመንበሩ አስተላልፌዋለሁ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ ለምን ሁልጊዜ መሀል ከተማ ይሆናል የሚል ጥያቄ ስላለበት።

በአካል 66 ሰው መጣ። 58ቱ እመጣለሁ ካሉት፣ 2 ከምናልባት፣ 6 ካልመለሱት። «አልችልም» ካሉት 9ኙ ወኪል ሰይመዋል፣ በጽሑፍ። ድምር 75። ደንቡ ጸደቀ! ዳቦው አንድ ድፎ ብቻ ተረፈ፣ እሱንም ገንዘብ ያዣችን ይዛው ሄደች። ሰላምታዋ ተስተካክሏል።

23ቱን ዝም ያሉ እሷና እኔ ተካፍለን እየደወልን ነው። እስካሁን ከደወልኩላቸው አምስቱ ጥሪው በጭራሽ አልደረሳቸውም፣ ከለቀቁት መሥሪያ ቤት ኢሜይል ነው የተመዘገቡት። አራቱ ደግሞ «ኧረ መልሻለሁ፣ መጥቼም ነበር» አሉኝ። ባጣራው በሁለት ኢሜይል ሁለት ጊዜ ነው የተመዘገቡት፤ አንዱ ላይ ይመልሳሉ፣ ሌላው ዝም ይላል። ስለዚህ 142 ራሱ 142 አይደለም ማለት ነው። ምልዓተ ጉባኤውም 72 አልነበረም። ኮድና ቡና፣ ሁለቱን ወደ አንድ የማዋሃጃው ቦታ የት ነው ያለው? «አባል ሰርዝ» የሚል ብቻ ነው የሚታየኝ።

ኮድና ቡና፦

እንዳትሰርዝ! መጀመሪያ መዋጮው የተመዘገበው በየትኛው ኢሜይል ስር እንደሆነ እይ፣ ከአባሉ ጋር አብሮ የሚጠፋ ሶፍትዌር አለ። ስክሪንሹት በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።